ዘጋቢ ፊልምና ውይይት በሰፈር ፌስቲቫል ላይ፦ ከጥያቄው እስከ ቃለ ጉባኤው

የአካባቢ ጥበቃ ፌስቲቫል ለማዘጋጀት የሚነሱ የሰፈር ወጣቶችና የትምህርት ቤት ክበባት አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ጥሩ ዶክመንተሪ የት እናገኛለን?» ብለው ነው። ፊልሙ ይገኛል፣ ፕሮጀክተር በውሰት ይመጣል፣ ሰው ይሰበሰባል። የአማዞን ደን ሲነድ፣ የዋልታ በረዶ ሲናድ ይታያል፤ ይጨበጨባል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። በማግስቱ የሰፈሩ ቱቦ እንደተደፈነ ነው። ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም። ማን ከማን ጋር ስለ ምን ይነጋገር የሚለውን አስቀድሞ ያሰበበት ሰው አልነበረም።

ስለዚህ እዚህ የምንሄደው ከተለመደው በተቃራኒ ነው፦ መጀመሪያ ጥያቄው፣ ቀጥሎ ተናጋሪው፣ ፊልሙ ከሁለቱ በኋላ። ነገሩ አየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንዘልቃለን፤ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከኅዳር 12 በፊት ባለው ቅዳሜ፣ በአንድ ሰፈር የሚካሄድ ምሽት።

1. ጥያቄውን ቁረጡ

አንድ ምሽት የሚሸከመው አንድ ጥያቄ ነው። «የአየር ንብረት ለውጥና እኛ» ጥያቄ አይደለም፤ የባነር ጽሑፍ ነው። ደህና ጥያቄ ማለት የሰፈሩ ሰው በዓይኑ ስላየው ነገር የሚጠይቅ፣ ሁለት ጎረቤታሞች ሊከራከሩበት የሚችሉት፣ መልሱም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ደጃፍ ላይ ሊታይ የሚችል ነው።

የእኛ ምሳሌ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ዘንድሮ ኅዳር ሲታጠን ምን እናቃጥላለን?»

ታሪኩን አብዛኛው ሰው ከወላጆቹ ሰምቶታል። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ሕዝብ ፈጀ፤ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ይጠረግና የተጠረገው በየደጁ ይቃጠላል። ልማዱ የተጀመረው ግን ቆሻሻ ማለት ገለባ፣ ቅጠልና የተበጣጠሰ ሰሌን በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ እሳቱ ውስጥ የሚገባው ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ የላስቲክ ጫማ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ነው። የሽቦው ልባስ አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ ሲሆን ውስጡ ክሎሪን አለ፤ በደጃፍ እሳት ሲነድ ዳዮክሲን የተባሉትን መርዞች ያወጣል። በሽታን ለማባረር የተጀመረ ጭስ ራሱ የሚያሳምም ጭስ ሆኗል። እዚህ ላይ ሰው ይከራከራል። «ልማዳችንን ልትነኩ ነው?» የሚል ይነሳል፤ «ልማዱ ማጽዳት እንጂ ፌስታል ማቃጠል ነው እንዴ?» የሚል ይመልስለታል። ምሽቱ የሚፈልገው ይህንን ነው።

ሌላ ከተማ የምትኖሩ ከሆነ ጥያቄው እዚያው አለላችሁ። ባሕር ዳር ወይም ጎርጎራ ያለ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣና ላይ ስለታየው እምቦጭ ያለ ፊልምም ማውራት ይችላል። ሐሮማያ ደግሞ ሐይቁ ሲደርቅ ያየ ትውልድ አለ።

2. ተናጋሪውን አግኙ

ፊልም ካለቀ በኋላ የሚቆመው ሰው ፊልሙ ያላለውን የሚያውቅ መሆን አለበት። የዩኒቨርሲቲ መምህር መጥራት ጥሩ ነው፤ ግን ብቻውን አትጥሩት። ብቻውን ከሆነ ምሽቱ ክፍለ ጊዜ ይሆናል።

ለኅዳር ምሽታችን እኔ የምመርጣቸው አራት ናቸው። አንደኛዋ ቤት ለቤት ቆሻሻ ከሚሰበስቡት ማኅበራት አንዲት ሴት፤ የማን ቤት ማዳበሪያ በምን እንደሚሞላ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው ቆራሌው ነው። ሃይላንዱን፣ ቆርቆሮውን፣ የተሰበረ ባልዲውን ማን እንደሚገዛው፣ የቱን ደግሞ ማንም እንደማይነካው በአንድ ትንፋሽ ይነግራችኋል። ሦስተኛ ከጤና ጣቢያ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ስለ ጭሱ። አራተኛ የወረዳው የጽዳት ወይም የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ። ባለሙያው የሚመጣው ንግግር ሊያደርግ ሳይሆን ሊመልስ ነው፤ ይህን በደብዳቤው ላይ ጻፉት።

እያንዳንዳቸው 6 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ከሳምንት በፊት ሄዳችሁ አነጋግሩአቸው፤ የሚያወሩትን አትጻፉላቸው። «ሥራ ላይ ሆነው ያዩት አንድ ነገር ይንገሩን» ማለት በቂ ነው። ቆራሌው ሥራውን ጥሎ ስለሚመጣ የአበል ጉዳይ መጀመሪያ ይታሰብ፤ ለምሁሩ አበል ከፍሎ ለእሱ «እናመሰግናለን» ማለት አያምርም።

3. አሁን ፊልሙ

ርዝመቱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሁን። የዘጠና ደቂቃ ፊልም ድንቅ ሊሆን ይችላል፤ ከእሱ በኋላ ግን የሚወያይ ሰው አይተርፋችሁም። በጣም የወደዳችሁት ረጅም ፊልም ካለ የፊልሙን ባለቤት አስፈቅዳችሁ አንድ ምዕራፍ ብቻ አሳዩ።

ሁለተኛው መመዘኛ ቅርበት ነው። ስለ ፌስታል የሚያወራ ምሽት ላይ የፓስፊክ ውቅያኖስን ኤሊ ከማየት የናይሮቢን ወይም የኪጋሊን ገበያ ማየት ይሻላል። ሩዋንዳ ፌስታልን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ በ2017 ነው። የናይሮቢ ባለ ሱቅ «ከዚያ በኋላ በምን ቋጠርክ?» ሲባል የሚሰጠው መልስ ለመርካቶው ነጋዴ በቀጥታ ይሠራል። ስለ ዛፍ ከሆነም ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 የጀመረችው የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ፣ የገጠር ሴቶች ችግኝ አፍልተው የተከሉበት፣ ከየትኛውም የአውሮፓ ታሪክ ይቀርበናል።

ሦስተኛው፣ ፊልሙ ሰውን አንገት አስደፍቶ የሚጨርስ እንዳይሆን። ከሐዘን በኋላ ጥያቄ አይመጣም።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ቆሻሻ ፊልም ስታሳዩ ቆሼ፣ የከተማዋ ትልቁ የቆሻሻ መጣያ፣ መነሳቱ አይቀርም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት የተናደው የቆሻሻ ክምር ከ110 በላይ ሰዎች ገድሏል። ወንበራችሁ ላይ ከተቀመጡት መካከል እናቱን ወይም ልጁን እዚያ ያጣ ሊኖር ይችላል። የአስከሬን ፍለጋ ምስል ያለበትን ክፍል አታሳዩ፤ ስሙ የሚነሳ ከሆነም አስተባባሪው አስቀድሞ ያሳውቅ፣ ለአፍታም ይቆም።

4. የራሳችሁን ሰባት ደቂቃ ቅረጹ

ይህ ደረጃ ግዴታ አይደለም፤ ከቻላችሁ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ሰው ከሌላ አገር የመጣ ፊልም ጸጥ ብሎ ያያል። የራሱ ሰፈር ቅያስ ስክሪን ላይ ሲመጣ ግን «ያ የእነ እትዬ በር አይደል እንዴ!» የሚል ጩኸት ከኋላ ይነሳል፣ ልጆች ይቆማሉ፣ ውይይቱም ገና ሳይከፈት ይጀመራል።

የሚቀረጸው ቀላል ነው፤ አንድ ፌስታል ተከተሉ። ከሱቅ ይወጣል፣ ቤት ይገባል፣ የቆሻሻ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል ወይም አጥር ላይ ይንጠለጠላል፣ ጋሪ ላይ ይጫናል፣ ገንዳው ጋ ይራገፋል። ያልተጫነው ቱቦ ውስጥ፣ ከቱቦው ወንዝ ውስጥ ይገባል። የቀበናም ሆነ የሌላው ወንዝ ውሃ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል፤ ጊዜ ካላችሁ የመጨረሻዋን ምስል እዚያ ሄዳችሁ ቅረጹ።

ስልኩን አግድም ያዙ። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ፊት ላይ ጥላ አይጥልም፤ መንገዱም ጸጥ ያለ ነው። ሰው ስታናግሩ ስልኩን እስከ አንድ ክንድ ድረስ አስጠጉ፤ በርቀት የተቀዳ ድምፅ ትልቅ ስፒከር ላይ ሲወጣ ነፋስና የሚኒባስ ጥሩምባ ብቻ ይሆናል። ገንዳ ውስጥ የሚፈልጉ ሰዎችንና ሕፃናትን ፊት ያለ ፈቃድ አታሳዩ፤ እጅን መቅረጽ ይበቃል። የተቀረጸውም ሰው ከምሽቱ በፊት ፊልሙን ይየው።

5. ቋንቋው

ብዙ ምሽት የሚበላሸው እዚህ ነው። እንግሊዝኛ ፊልም ከፍቶ «በአጭሩ እየተረጎምን እንሄዳለን» ማለት አይሠራም። ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው የግርጌ ጽሑፍ ነው። ትርጉሙን በሰብታይትል ፕሮግራም ላይ፣ ለምሳሌ በሰብታይትል ኤዲት፣ ጻፉ፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ አንድ መስመር ላይም ከ30 ፊደል በላይ አታጭቁ። የተናጋሪውን ቃል ሁሉ ልተርጉም አትበሉ፤ ዓይን ከምስሉ ጋር መዋል አለበት። ከዚያ በኋላ ያለችው ነገር ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ምሽቱን ታስጥላለች፦ ጽሑፉን ለብቻው ፋይል አድርጋችሁ በፍላሽ ብትወስዱት ብዙ ቴሌቪዥንና አንዳንድ ፕሮጀክተር ፊደላችንን አያውቀውም። በ«ሀ» እና «ለ» ፋንታ የባዶ አራት ማዕዘን ሰልፍ ይወጣል። ስለዚህ ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትሙት፤ ሃንድብሬክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ይሠራል። የጽሑፉ ፋይል ዩቲኤፍ 8 (UTF-8) በተባለው፣ ፊደላችንን በሚያውቀው የአቀማመጥ ዓይነት ይቀመጥ፤ የፊደል ዓይነቱ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ቢሆን ችግር የለውም። ነጭ ፊደል በጥቁር ጠርዝ አድርጉት፤ ነጭ ብቻውን ደመና ላይ ይጠፋል።

ሁለተኛው መንገድ ትረካ ነው፤ ለሰፈር ምሽት እኔ ይህን እመርጣለሁ። ማንበብ የሚያስቸግራቸው እናቶችና ዓይናቸው የደከመ አባቶች ባሉበት የግርጌ ጽሑፍ ግማሹን ተመልካች ውጭ ያስቀራል። ድምፁ ደህና የሆነ ሰው፣ የአማርኛ መምህር ቢሆን ይመረጣል፣ ትርጉሙን በትልቅ ፊደል አትሞ ከስክሪኑ ጎን ተቀምጦ በማይክ ያነባል። የፊልሙ ድምፅ ዝቅ ይላል እንጂ አይጠፋም፤ የወፉም የገበያውም ድምፅ መሰማት አለበት። ተራኪው ከፊልሙ ጋር ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይለማመድ፤ በየገጹ ጎን ደቂቃና ሰከንድ ይጻፍ። ፊልሙ ቢያመልጠው የዘለለውን ዘልሎ ይቀጥል፤ ሊደርስበት ብሎ ከሮጠ ማንም አይሰማውም።

ሰፈራችሁ ውስጥ አፋን ኦሮሞ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚናገር ብዙ ሰው ካለ ውይይቱ ላይ በፈለገው ቋንቋ እንዲናገር አድርጉ፤ የሚያስተረጉም ጎረቤት አይጠፋም።

6. ፈቃዶቹ

ፈቃዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የፊልሙ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያለ ፊልም ሁሉ በአደባባይ ለማሳየት ነጻ ነው ማለት አይደለም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ለሕዝብ ማቅረብ የባለቤቱ መብት ነው፤ ትኬት አለመሸጣችሁ ብቻ ይህን አይለውጠውም። ለባለቤቱ አጭር ኢሜይል ጻፉ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ የት፣ መቼ፣ ለስንት ሰው፣ በነጻ መሆኑን፣ በአማርኛ ልትተርጉሙት እንደምትፈልጉ። የአካባቢ ፊልም ሠሪዎች ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ልባቸው ክፍት ነው፤ የጠራውን ቅጂ ጭምር የሚልኩ አሉ። መልስ እስኪመጣ ጊዜ ስለሚወስድ ከስድስት ሳምንት በፊት ጀምሩ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚል፣ ባለቤቱ ሌሎች እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ የሰጠው ፈቃድ ያላቸው ፊልሞችም አሉ፤ ሆኖም ፈቃዱ «ለውጥ አይፈቀድም» የሚል ዓይነት ስላለው ከመተርጎማችሁ በፊት ፈቃዱን አንብቡ።

ሌላው የወረዳው ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ርዕሱንና የሚጠበቀውን ሰው ብዛት የያዘ ደብዳቤ አስገቡ፤ ለፖሊስም ግልባጭ ይሂድ። ገቢ የተደረገበትን ኮፒ ማታ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት።

7. ቀንና ቦታ

ብዙ ሰው ግንቦት 28ን ይመርጣል፤ የዓለም የአካባቢ ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የስቶክሆልም የአካባቢ ጉባኤ የተከፈተበት ዕለት። ለአዳራሽ ጥሩ ቀን ነው። ለሜዳ ግን ክረምቱ በር ላይ ስለሆነ አልመክርም፤ የዚያን ሳምንት የአዲስ አበባ ከሰዓት ሰማይ አይታመንም።

ኅዳር ሰማዩ ጥርት ይላል። ፀሐይ በ12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ በእኛ አገር ምሽት ስለሚቸኩል ከ25 ደቂቃ በኋላ ምስል ማሳየት ይቻላል። ብርዱ ግን ቀልድ አይደለም፤ ማስታወቂያው ላይ «ጋቢ ይዛችሁ ኑ» ብላችሁ ጻፉ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ስለሚገባ ከእሱ በፊት መሆኑም ለመስተንግዶው ይመቻል፤ ቆሎና ቡና ግን ጾምም ፍስክም አያውቁም። የእስልምና ተከታዮች የመግሪብ ሰላት ጊዜ ከፊልሙ መጀመሪያ ጋር እንዳይጋጭ ሰዓቱን አጣሩ።

ቦታውን በተመለከተ እድሩን ያህል የሚያግዛችሁ የለም። ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ሰው የሚጠራበት መንገድ አለው። የእድሩ ዳኛ «እንዲህ ያለ ነገር አለ፣ ኑ» ካለ ከመቶ ፖስተር ይበልጣል። የልጆች ኳስ ሜዳ ወይም ኮንዶሚኒየም ግቢ ሁለቱም ይሆናሉ፤ የመንገድ መብራት በቀጥታ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ ሽሹ።

8. ዕቃው

ስክሪን ለመግዛት አትቸገሩ። ነጭ አቡጀዲ ድርብ አድርጋችሁ አሰፉ፤ ነጠላ ከሆነ ብርሃኑ ወደ ኋላ ያልፋል። ስፋቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ይሁን፤ የዛሬ ፊልሞች የሚሠሩት በዚህ ልክ ነው። ከላይም ከታችም ጣውላ አስገቡበት፣ በአራቱም ማዕዘን በገመድ ወጥሩት፤ ነፋስ ሲነሳ የተናጋሪው ፊት እንዳይጣመም። የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ይበል፤ አለዚያ የኋላው ሰው የግርጌ ጽሑፉን ሳይሆን የፊተኛውን ሰው ሻሽ ያነባል።

ለዚህ ስፋት 3,000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ያለው ፕሮጀክተር ሲጨልም ይበቃል። የሚቀመጥበት ርቀት በመመሪያው ላይ አለ፤ የርቀትና የስፋት ንጽጽር ቁጥሩ (throw ratio) 1.5 ከሆነ ስፋቱን በ1.5 አባዙት፣ 4 ሜትር ተኩል ይመጣል። የመጨረሻው ረድፍ ከስክሪኑ ከ10 ሜትር አይራቅ። በዚህ ልክ 80 ሰው ገደማ በወንበር ይቀመጣል፤ ልጆች ከፊት ሰሌን ላይ። ከዚያ በላይ ሰው ከጠበቃችሁ ወንበር ከመጨመር ስክሪኑን አሳድጉ።

ድምፅ ከምስል ይበልጣል። የደበዘዘ ምስል ሰው ይታገሣል፣ የማይሰማ ነገር ግን አይታገሥም። ሁለት ስፒከር በስክሪኑ ግራና ቀኝ፣ የቆመ ሰው ጆሮ ከፍታ ላይ፣ ወደ ተመልካቹ አዙራችሁ አስቀምጡ። ማይክ የያዘ ሰው ስፒከሮቹን ቀድሞ ወደ ፊት ከወጣ ያፏጫል፤ መስመሩን በኖራ አስምሩለት። ሠርግ ላይ የሚሠራ የድምፅ ባለሙያ ካመጣችሁ ደግሞ አንድ ነገር ንገሩት፦ ኢኮውን ያጥፋ። ለዘፈን የሚያምረው ማስተጋባት ንግግርን ያኮላሸዋል።

መብራት ይጠፋል ብላችሁ ተነሱ። ፕሮጀክተሩንና ላፕቶፑን የምትይዝ አንድ ዩፒኤስ የምትባል የመጠባበቂያ ባትሪ ካለች ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ጥቂት ደቂቃ ትሰጣችኋለች። ለዚህ ሁሉ ዕቃ 2 ኪሎዋት ጄኔሬተር ይበቃል፤ ከግንብ ጀርባ፣ ከሰው 20 ሜትር ያህል ርቆ ይቁም፤ ድንኳን ውስጥ ወይም አጠገብ በፍጹም አይሁን፤ ጭሱ ይገድላል። የነዳጁን ነገር ከቀኑ በፊት ጨርሱ።

ፊልሙ ላፕቶፑ ውስጥ ይግባ፣ ሁለተኛ ቅጂ በፍላሽ። ኢንተርኔት ላይ አትመኩ። ላፕቶፑ ላይ ቴሌግራምን ዝጉ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እያየ «የኔ ፍቅር የት ነህ» የሚል መልእክት ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ማየት ለተመልካቹ ደስታ፣ ለባለቤቱ ፈተና ነው። ዕቃውን ሁሉ በዋዜማው ማታ፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው ሰዓት ሞክሩ።

9. የዕለቱ አካሄድ

ከ10 ሰዓት ጀምሮ የፌስቲቫሉ ባዛር ይከፈታል። ላቀች የከሰል ምድጃና ምርጥ የእንጀራ ምድጃ የሚሠሩ ሰዎች፣ የጓሮ አትክልትና ኮምፖስት፣ ጫማና ዣንጥላ የሚጠግኑ፤ ይህ ክፍል ራሱን ያስኬዳል። 12 ሰዓት ላይ ቡናው ይፈላል፣ ሰው ይቀመጣል። 12፡25 የሰፈሩ ፊልም፣ 12፡35 ዋናው ፊልም፣ 1፡05 የጎረቤት ለጎረቤት ወሬ፣ 1፡10 ተናጋሪዎቹ፣ 1፡35 ውይይቱ፣ ከ2፡15 አይለፍ። ሴቶችና ታክሲ የሚይዙ ሰዎች ያሉበት ምሽት እንደሆነ አትርሱ።

የመክፈቻ ንግግር ነገር አለ። የክብር እንግዳው በ12 ሰዓት ይጠበቃል፣ 1 ሰዓት ይመጣል፣ 25 ደቂቃ ይናገራል፣ ፊልሙ ሳይጀመር ይሄዳል። ስለዚህ የመክፈቻ ንግግር አታዘጋጁ። ጥሪው ላይ «ከፊልሙ በኋላ ለነዋሪዎች ጥያቄ ምላሽ እንዲሰጡን በአክብሮት እንጠይቃለን» በሉ። ለመመለስ የሚመጣ ሰው ፊልሙን ያያል፣ የሰውንም ድምፅ ይሰማል።

ስለ ፕላስቲክ ለመወያየት በተጠራ ስብሰባ ጠረጴዛው በታሸገ ውሃ ተሞልቶ፣ ከበላዩ የላስቲክ ባነር ተሰቅሎ ያላየ አለ? ውሃው በጆግና በብርጭቆ ይሁን። ባነሩን በጨርቅ ላይ በቀለም ጻፉት፤ ቀኑን ካልጻፋችሁበት ለከርሞም ይሆናል።

10. ውይይቱ

ፊልሙ ሲያልቅ መብራቱን ወዲያው አታብሩ፤ ግማሽ ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ አስተባባሪው «ጥያቄ ያለው?» አይበል። ያን ጊዜ እጁን የሚያወጣው ሁልጊዜ የሚናገረው ሰው ነው። ይልቁንም «አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ሦስት ደቂቃ አውሩ፤ ካያችሁት ውስጥ በእኛ ቅያስ ያለው የቱ ነው?» ይበል። ጫጫታ ይነሳል። አስተባባሪው በመካከሉ እየዞረ ያዳምጥ፤ ደህና ነገር የሰማበትን ቦታ ልብ ይበል። ተናጋሪዎቹ ከዚህ በኋላ ይቅረቡ፤ ያኔ ሰው የሚሰማው ጥያቄ ይዞ ነው።

የመጀመሪያውን ቃል ለትልቅ ሰው ስጡ፤ ለሴት ቢሆን ደግሞ የተሻለ። አንዲት የሰፈሩ ባልቴት ጋ ማይኩን ይዞ ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ ኅዳር ሲታጠን ምን ነበር የሚቃጠለው?» ቢባሉ መልሱ በግምት እንዲህ ነው፦ «ምን ይቃጠላል ልጄ፣ ገለባ ነው፣ የጓሮ ጥራጊ ነው። ፌስታል የት ነበረና! ዘንቢል ይዘን አልነበር ገበያ የምንወጣው?» ከዚህ በኋላ ልማዱን ነካችሁ የሚል ሰው መከራከሪያው ይሳሳበታል፤ የተናገሩት ወጣቶቹ አይደሉማ።

ማይኩን ለተናጋሪ አትስጡ፤ አስተባባሪው ራሱ ይያዝ። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ብሎ የሚጀምር ሰው መጨረሻው አይታወቅም፤ በእጁ ከገባ ማስለቀቅ ጸብ ነው። ጊዜው ሲያልፍ «ጋሼ፣ ይህቺን ነጥብ ጽፈናታል፣ ይቅርታ ያድርጉልንና ወዲህ ደግሞ እንሂድ» ይባል። መናገር ለሚያፍሩ ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ አዙሩ።

የወረዳው ባለሙያ ተራ ሲደርስ ጥያቄው ስለት ይኑረው። «ግንዛቤ ለማስጨበጥ ምን እየሠራችሁ ነው?» ካላችሁት ሪፖርት ያነብላችኋል። እንዲህ ጠይቁት፦ ስስ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ነበር፤ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጠውን ይከለክል ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን የፕላስቲክ ከረጢት የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። የፊተኛው ለምን አልሠራም? የአሁኑን በሰፈራችን የሚያስፈጽመው የትኛው ቢሮ ነው? የጽዳት ክፍያውን ከውሃ ቢል ጋር እየከፈልን ጋሪው በሳምንት ስንት ቀን መምጣት አለበት? እነዚህን ጥያቄዎች ከሁለት ቀን በፊት ለባለሙያው ስጡት። ማሳፈር ዓላማ አይደለም፤ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ቀንና ስም ይናገራል።

የመጨረሻው 15 ደቂቃ ለውሳኔ ነው። ስክሪኑ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፉና ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ምን፣ ማን፣ እስከ መቼ። በምሳሌያችን ውሳኔው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ኅዳር 11 ከሰዓት ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ ጫማና ሽቦ ተለይቶ በማዳበሪያ ይወጣል፤ የሚሸጠውን ቆራሌው፣ የቀረውን የማኅበሩ ጋሪ በዚያው ምሽት ይወስዳል፤ ኅዳር 12 የሚታጠነው ቅጠልና ሣር ብቻ ይሆናል፤ በየብሎኩ አንድ ኃላፊ አለ። ከአምስት በላይ ውሳኔ ከተጻፈ አንዱም አይፈጸምም፤ ሁለት ይበቃል። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን እዚያው ያንብብ፣ ኃላፊነት የወሰዱት ይፈርሙ።

11. ከዚያ በኋላ

በማግስቱ የቃለ ጉባኤውን ፎቶ በሰፈሩ የቴሌግራም ቡድን ልቀቁ፤ ከወረዳው ባለሙያ ቃል የተገባውን ደግሞ በደብዳቤ አድርጋችሁ አስገቡ። የእድሩን ወንበር ቆጥራችሁ፣ ድንኳኑን አድርቃችሁ መልሱ፤ ጤዛ የነካው ድንኳን ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ይሻግታል፣ ለከርሞም አይሰጧችሁም። ለፊልሙ ባለቤት ስንት ሰው እንዳየው፣ ምን እንደተባለ፣ የአማርኛውን ትርጉም ፋይል ጨምራችሁ ላኩለት፤ ሌላ ከተማ ያለ ክበብ ሲጠይቀው ትርጉሙን ከባዶ አይጀምርም።

ኅዳር 12 ጠዋት ሁለት ልጆች ስልክ ይዘው ያንኑ ቅያስ ይዙሩ። ምን እንደሚቃጠል ይቅረጹ፤ ፌስታል የሚያቃጥል ካዩም አይቆጡ፣ ፊትም አያሳዩ። ያ ቀረጻ የሚቀጥለው ዓመት ሰባት ደቂቃ መነሻ ነው።